እያንዳንዱ ፍጥነት የራሱ ገደል አለው

ደባርቅ ማለዳ ላይ ጋቢ የማታስወልቅ ከተማ ናት። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ፀሐይ ከወጣችም በኋላ ብርዱ ቶሎ አይለቅም። ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚመጣው መንገድ እስከዚህ ድረስ የደጋውን ጀርባ ይዞ፣ በገብስ ማሳና በባሕር ዛፍ መሀል ይጓዛል። ከከተማው ወጣ ሲባል ግን ምድሩ በድንገት ያልቃል። ከፊት የሚታየው ሰማይና ከታች በሰማያዊ ጭጋግ የተሸፈነ ቆላ ነው። ሊማሊሞ ይህ ነው።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ተሳቢ ቆሟል። ረዳቱ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ሸጉጦ መኪናውን ይዞራል። በየጎማው ጎንበስ እያለ የመዳፉን ጀርባ ወደ ፍሬኑ ታምቡር ያስጠጋል። ሾፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቁልቁለቱን ያያሉ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ቀዝቃዛ ነው» አለ ልጁ።

«አሁንማ ቀዝቃዛ ነው። ታች ስንደርስ ንገረኝ።»

ከዚያ ወጥተው ተቀመጡ፣ እኔም ከጎናቸው ተሳፈርኩ፣ ማርሹን ዝቅ አደረጉ፣ ታኮው ተነሳ፣ ተሳቢው እንደ ሽማግሌ እያጉረመረመ መውረድ ጀመረ። ሊማሊሞን የሚያውቁ ሾፌሮች አንድ ሕግ አላቸው፦ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ይህ ሕግ የፊዚክስ ሕግ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም። እዚያው ደባርቅ ውስጥ፣ ከዚህ ገደል የጥቂት ደቂቃ መንገድ በሚርቅ ክፍል፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለዚሁ ነገር ያጠናል። የሚያጠናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስሙም ካይኔቲክ ኢነርጂ ይባላል። ቀመሩን በቃሉ ይዞታል፦ ግማሽ፣ ሲባዛ በመጠነ ቁስ፣ ሲባዛ በፍጥነት ካሬ። ጥያቄ ሲሰጠው ቁጥሮቹን ይተካል፣ ያባዛል፣ መልሱ ሥር ሁለት መስመር ያሰምራል። የዚያ መልስ ትርጉም ግን ከመስኮቱ ውጭ፣ በጥምዝምዙ መንገድ ላይ እያጉረመረመ እየወረደ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ለማገናኘት የተጻፈ ነው። ቀመሩ ሕይወት ያድናል፣ ማሳም ያድናል ብዬ አምናለሁና።

የጉልበት ሁለት ትርጉም

ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛ የሳይንስ አጻጻፍ ኢነርጂ «ጉልበት» ይባላል፤ የሚንቀሳቀስ አካል በመንቀሳቀሱ ብቻ የሚይዘው ደግሞ «የእንቅስቃሴ ጉልበት» ነው። ከፍ ብሎ በመቀመጡ ብቻ የሚይዘው «እምቅ ጉልበት» ይባላል። ጉልበት በቋንቋችን ብርታትም ነው፣ እግራችን መሀል ያለው መታጠፊያም ነው። ሊማሊሞን በእግሩ የወረደ ሰው ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ቦታ ሲገናኙ ያውቃል። ዳገት ትንፋሽን ያስቸግራል፤ ቁልቁለት ግን ጉልበትን ያንቀጠቅጣል። አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ የወረደ 60 ኪሎ ሰው 588,000 ጁል እምቅ ጉልበት አጥቷል። ታች ሲደርስ ግን እየበረረ አይደለም፤ ቆሟል። ያ ሁሉ ጉልበት የት ገባ? በየእርምጃው ሰውነቱን ይዞ ያቆመው የጭኑ ጡንቻ ወደ ሙቀት ለውጦታል። የሰው ልጅ ፍሬን ጭኑና ጉልበቱ ናቸው።

ጉልበት አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ከፍታ ፍጥነት ይሆናል፣ ፍጥነት ሙቀት ይሆናል፣ ወይም ደግሞ የተሰበረ አጥንት፣ የተጨማደደ ቆርቆሮ፣ የተፈነጠረ አፈር ይሆናል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የት ይሂድ?

ካሬው ከየት መጣ?

ተማሪው በቃሉ የያዘው ቀመር ውስጥ ሁለት እንግዳ ነገሮች አሉ፤ «ግማሽ» እና «ካሬ»። መምህር ከነገረን ተቀብለናቸዋል፤ ለምን እንደመጡ ግን በቆመ ጋሪ ማስረዳት ይቻላል።

ቆሞ የነበረ ጋሪ በማይለዋወጥ ኃይል ግፋ። ፍጥነቱ ከዜሮ ተነስቶ በእኩል እኩል እየጨመረ ይሄዳል። በመጨረሻ የደረሰበት ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜትር ከሆነ፣ በጉዞው ላይ የነበረው አማካይ ፍጥነት 2 ሜትር ነው፤ ግማሹ ማለት ነው። «ግማሽ» የመጣው ከዚህ ነው። አሁን ደግሞ ያንኑ ጋሪ በዚያው ኃይል እየገፋህ እጥፍ ፍጥነት፣ ማለትም 8 ሜትር በሰከንድ፣ ላይ ለማድረስ ሞክር። መጀመሪያ፣ እጥፍ ጊዜ መግፋት አለብህ። ሁለተኛ፣ በዚያ እጥፍ ጊዜ ውስጥ አማካይ ፍጥነቱም እጥፍ ስለሆነ የምትሸፍነው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ሥራ የሚለካው ኃይል በርቀት ተባዝቶ ነውና ያወጣኸው ጉልበት አራት እጥፍ ነው። ጋሪው የያዘውም ይህንኑ ነው፤ የሚያቆመው ሰው ያንኑ አራት እጥፍ መልሶ መክፈል አለበት።

ካሬው ይህ ነው። ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ፣ ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ፍጥነት ከክብደት ይልቅ የሚፈራው ለዚህ ነው።

ይህ እውነት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። የአውሮፓ ሊቃውንት የሚንቀሳቀስ ነገር «ብርታት» በፍጥነቱ ይለካ ወይስ በፍጥነቱ ካሬ እያሉ ለአሥርት ዓመታት ተከራክረዋል። ጀርመናዊው ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1686 ካሬ ነው አለ። ሆላንዳዊው ስግራቬሳንደ እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ የናስ ኳሶችን ከተለያየ ከፍታ ለስላሳ ሸክላ ጭቃ ላይ እየጣለ ጉድጓዳቸውን ለካ። በእጥፍ ፍጥነት የወደቀው ኳስ የቆፈረው ጉድጓድ አራት እጥፍ ሆነ። ፈረንሳዊቷ ኤሚሊ ዱ ሻትሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1740 ባሳተመችው የፊዚክስ መጽሐፍ ይህን ሙከራ ይዛ ለካሬው ተሟገተች። «ግማሽ» የሚለው ቁጥር በቀመሩ ውስጥ ቦታውን ይዞ የተጻፈው ከዚያም ቆይቶ፣ ፈረንሳዊው ኮርዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1829 ስለ ማሽኖች ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

የስግራቬሳንደን ሙከራ ለመድገም ውድ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ደባርቅና ዳባት በክረምት ጭቃ አይቸግራቸውም። አንድ ድቡልቡል ድንጋይ ከአንድ ሜትር፣ ከዚያም ከአራት ሜትር ከፍታ ተደልድሎ በተዘጋጀ ጭቃ ላይ መጣል በቂ ነው። ከአንድ ሜትር የወደቀው መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ነው፤ ከአራት ሜትር የወደቀው 8.9። ፍጥነቱ እጥፍ ብቻ ሆነ፤ ጉድጓዱን ግን ተማሪው በገዛ ጣቱ ይለካል። በጣቱ የለካውን ቀመር ፈተና ካለፈ በኋላም አይረሳውም።

የእረኛው ፊዚክስ

እንዲያውም የሰሜን ልጆች ቀመሩን ሳያውቁት ይኖሩበታል። የገብስ ማሳ ከጭላዳ መንጋና ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፍ በእጁ ነው። ድንጋዩን በክንዱ ብቻ ቢወረውረው የሚያገኘው ፍጥነት ውስን ነው። ወንጭፉ ግን ክንዱን ያስረዝመዋል፤ ድንጋዩ በሰፊ ክብ ሲዞር ኃይሉ ረጅም ርቀት ላይ ይሠራል። መቶ ግራም ድንጋይ በሰከንድ 15 ሜትር ሲወረወር የሚይዘው 11 ጁል ያህል ነው፤ 30 ሜትር ሲደርስ ግን 45 ጁል። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፣ ልጁም ያው ልጅ ነው።

ቡሄ ሲደርስ፣ ነሐሴ 13 አካባቢ፣ ጅራፍ ይጮኻል። ጅራፉ ከመያዣው ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ምስጢሩም እዚህ ላይ ነው። ልጁ የሰጠው ጉልበት በጅራፉ ላይ እየተጓዘ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ሲደርስ የሚሸከመው ቁስ እያነሰ ይሄዳል። ጉልበቱ ሳይባክን ቁሱ መቶ ጊዜ ቢያንስ ፍጥነቱ አሥር ጊዜ መጨመር አለበት፤ ካሬው ያስገድደዋል። ጫፉ በመጨረሻ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ300 ሜትር በላይ፣ ያልፋል። የምንሰማው «ጧ!» የሚል ድምፅ አየሩ ራሱ ሲሰነጠቅ ነው። ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ሲያልፍ የሚሰማው ፍንዳታ ወንድም ነው።

ከገደሉ በላይ ደግሞ ሌላ አዋቂ አለ። አጥንት ሰባሪው ጥንብ አንሳ፣ ክንፈ ሰፊው የሰሜን ተራሮች ወፍ፣ ሥጋው ካለቀ በኋላ አጥንቱን ይዞ ይነሳና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ወርዶ አንስቶ ይደግመዋል። ከ60 ሜትር የተለቀቀ አጥንት፣ የአየሩን መጋተር ወደ ጎን ብንተው፣ ድንጋዩን ሲመታ በሰከንድ 34 ሜትር፣ በሰዓት 123 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል። ወፉ ለአጥንቱ የሚሰጠው ምት የለም። የሚሰጠው ከፍታ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ከፍታው ራሱ ወደ ፍጥነት ይለውጠዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን እንገልብጠው። ከፍታ ፍጥነት የሚሆን ከሆነ፣ ፍጥነትም በከፍታ ሊለካ ይችላል ማለት ነው።

ፍጥነትን በገደል መለካት

ስሌቱ አጭር ነው። እምቅ ጉልበቱን ከእንቅስቃሴ ጉልበቱ ጋር እኩል አድርግ፤ ክብደቱ በሁለቱም ወገን ስላለ ይጠፋል። የሚቀረው ከፍታ፣ ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ ሲለካ፣ የፍጥነቱ ካሬ ለ19.6 ተካፍሎ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከ3.5 ሜትር ከፍታ እንደወደቀ ያህል ጉልበት ይይዛል። 40 ኪሎ ሜትር 6.3 ሜትር ነው። 60 ኪሎ ሜትር 14 ሜትር። 80 ኪሎ ሜትር 25 ሜትር፣ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ። 100 ኪሎ ሜትር ደግሞ ወደ 40 ሜትር ይጠጋል።

የደባርቅ ሰው ገደል ያውቃል። ልጁን ከ25 ሜትር ገደል አፋፍ ላይ ሲጫወት ቢያየው ነፍሱ ትወጣለች። ያንኑ ልጅ ግን በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሚከንፍ መኪና ውስጥ፣ ቀበቶ ሳያስር፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ዓይን የሚያየው ገደል ያስፈራናል፤ ፍጥነት የሚሸሽገው ገደል ግን አይታየንም። እያንዳንዱ ፍጥነት የራሱ ገደል አለው። ቀበቶ ማሰር ማለት በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ገመድ መያዝ ማለት ነው።

አሁን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚመጥን አንድ ጥያቄ እናውጣ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ሊማሊሞ ጉም ውጦታል። የሚታየው 30 ሜትር ብቻ ነው፤ አስፋልቱ እርጥብ ነው፤ ጎማው ሊይዝ የሚችለው ኃይል የመኪናው ክብደት 40 በመቶ ያህል ነው እንበል። ከጉሙ ውስጥ የተናደ ቋጥኝ ብቅ አለ። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። ለስሌቱ መንገዱን ለጥ ያለ እናድርገው።

በ40 ኪሎ ሜትር የሚሄደው በዚያች ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል፣ ለመቆም 16 ሜትር ይጨምራል፤ ድምሩ 27 ነው። ቋጥኙ ሦስት ሜትር ሲቀረው ቆመ። ልቡ እየመታ ይወርዳል፣ ድንጋዩን ያያል፣ ተመስገን ይላል።

በ60 ኪሎ ሜትር የሚሄደውስ? ብዙ ሰው «ለጥቂት ይነካው ይሆናል» ብሎ ይገምታል። እንቁጠረው። በመጀመሪያዋ ሰከንድ 16.7 ሜትር አልፏል፤ ለፍሬን የቀረው 13.3 ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ርቀት ፍሬኑ የሚበላው ጉልበት ከያዘው ውስጥ ከሲሶ ትንሽ የሚበልጠውን ነው። ቋጥኙን የሚመታው በሰዓት 47 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው፤ ይህም ከዘጠኝ ሜትር ገደማ እንደመውደቅ ነው። በሁለቱ ሾፌሮች መካከል የነበረው ልዩነት 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። አንዱ ተመስገን ሲል ሌላው ይለቀስለታል። ቁልቁለት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አባቶች «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት ስለ እህል ነበር፤ እዚህ ግን የፈሰሰው የማይለቀም ነው።

ሠላሳ አምስት ምጣድ

ወደ ተሳቢው እንመለስ። መንገዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ተራራውን እየጠረበ ያወጣው ነው። መሐንዲስ ገደልን መንገድ የሚያደርገው በማጠማዘዝ ነው። ጥምዝምዙ የሚወረደውን ከፍታ አንዲት ሜትር እንኳ አይቀንስም፤ ያንኑ ከፍታ በረጅም ርቀት ላይ ያከፋፍለዋል እንጂ።

ጭነቱን ጨምሮ 30 ቶን የሚመዝን ተሳቢ እንውሰድ፤ የሚወርደውን ከፍታ ደግሞ ለስሌት እንዲቀል 1,000 ሜትር እናድርገው። እምቅ ጉልበቱ 294 ሚሊዮን ጁል ነው። የሚይዘው ነገር ባይኖር ታች ሲደርስ በሰዓት ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይፈጥን ነበር። ይህ እንዳይሆን ያ ሁሉ ጉልበት በመንገድ ላይ ሙቀት መሆን አለበት። ምን ያህል ሙቀት? ደባርቅ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚህ ሙቀት 46 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላት ይቻላል።

ሁሉም በፍሬኑ ሸራና ታምቡር ላይ ቢያርፍስ? ታምቡሮቹ በድምሩ ግማሽ ቶን ብረት ናቸው እንበል። ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ ብረቱን ከ1,300 ዲግሪ በላይ ያግለዋል፤ ብረት ሊቀልጥ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ያንን ከመድረሱ አስቀድሞ ግን ሸራው ይቃጠላል፣ ይሸታል፣ መያዝ ያቅተዋል። «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር ኖሮ አይደለም፤ የጋለ ፍሬን ሰልችቶ እጁን ሲሰጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዝግታ የወረደውም በፍጥነት የወረደውም የሚያመነጩት ጠቅላላ ሙቀት አንድ ያህል ነው፤ ከፍታው አንድ ነውና። የሚለየው ጊዜው ነው። በ40 ደቂቃ የሚወርድ ሾፌር 122 ኪሎዋት ሙቀት ይበትናል፤ ይህ ባለ 3.5 ኪሎዋት 35 የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ተጥዶ እንደማለት ነው። በ20 ደቂቃ የሚወርደው 70 ምጣድ ጥዷል። ነፋሱ 35ቱን ሊያቀዘቅዝ ይችል ይሆናል፤ ለ70ው ግን አይደርስም። ዝግታ ሙቀቱን አይቀንስም፤ የሚያመልጥበትን ጊዜ ይሰጠዋል።

ዝቅተኛ ማርሽም ትርጉሙ ይኸው ነው። ማርሹ ዝቅ ሲል ጎማው ሞተሩን በግድ ያዞረዋል፤ ሞተሩ አየር እያመቀና እየተፋ፣ እየተፋተገም ጉልበቱን ይበላል፤ ሙቀቱ በጭስ ማውጫና በራዲያተር ይወጣል። ፍሬኑ ለኩርባዋና ለድንገተኛው ነገር ይቀመጣል። ነዳጅ ቆጠብኩ ብሎ በፍሪ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ደግሞ ይህን ሁሉ ረዳት አባርሮ 30 ቶኑን ለሸራው ብቻ ያሸክመዋል። የሚያተርፈው ጥቂት ሊትር ነው፤ የሚያስይዘው ነፍስ ነው።

ፏፏቴው እና ቴርሞሜትሩ

ከፍታ ወደ ሙቀት መለወጡን ለዓለም በመለኪያ ያሳየው እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ነው፤ የጉልበት መለኪያ በስሙ የተጠራለት። የፊዚክስ ሊቁ ዊሊያም ቶምሰን በኋላ እንደተረከው፣ እ.ኤ.አ. በ1847 ጁልን በአልፕስ ተራሮች መንገድ ላይ ሲያገኘው አዲስ ሙሽራ ነበር፤ ሆኖም ረጅም ቴርሞሜትር ይዞ ነበር። ከፏፏቴ ሥር ያለው ውሃ ከአናቱ ይልቅ ሞቅ ማለት አለበት፤ ያንን ሊለካ ነው። በዚያ ያገኘው ሁሉ የተረጨና የተበተነ ውሃ ስለነበር ልኬቱ አልሆነለትም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር።

ጁል ሰሜን ተራሮችን ቢያይ ኖሮ ጅንባርን ይመኝ ነበር። ከብሔራዊ ፓርኩ ገደል ወደ ግጭ ጥልቅ ሸለቆ የሚወረወረው ይህ ፏፏቴ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በስሌቱ መሠረት የወደቀበት ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ውሃው ውስጥ ቢቀር፣ ውሃው በ1.2 ዲግሪ ያህል ይሞቅ ነበር። ያ ሁሉ ግርማ፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ አንድ ዲግሪ! የሚያሳዝን ይመስላል። የሚያስተምረው ግን ትልቅ ነው፤ ለዓይን ግዙፍ የሆነ እንቅስቃሴ ለቴርሞሜትር ጥቂት ነው። ለዚህ ነው የሰው ልጅ ሙቀትና እንቅስቃሴ አንድ ዘር መሆናቸውን ሳያውቅ ብዙ ሺህ ዓመት የኖረው።

ከሰማይ የሚወርደው ተሳቢ

የእንቅስቃሴ ጉልበት ነገር ለሾፌሮች ብቻ የሚመስለው ካለ፣ የዳባትን ወይም የደባርቅን ገበሬ ማሳ በሐምሌ ዝናብ ይመልከት። አዲስ የታረሰ፣ ቡቃያው ገና ያልሸፈነው መሬት ላይ ዝናቡ ሲወርድ አፈሩ ይፈናጠራል። ከማሳው ዳር የቆመ ድንጋይ ግርጌው ጭቃ ይለብሳል። ያ ጭቃ የተጻፈ የፊዚክስ መልስ ነው።

ሦስት ሚሊ ሜትር የምታህል የዝናብ ጠብታ መሬት ስትነካ በሰከንድ 8 ሜትር ያህል ትፈጥናለች። ብቻዋን ምንም ናት። ግን 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ ውሃው 400 ቶን ነው። በ8 ሜትር ፍጥነት የሚይዘው ጉልበት ወደ 13 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል፤ 30 ቶን ተሳቢ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር እየበረረ ማሳው ላይ እንደሚላተም ማለት ነው። ያው 40 ሚሊ ሜትር ግን እንደ ካፊያ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር በሆኑ ጠብታዎች፣ በሰከንድ 2 ሜትር ቢወርድ ጉልበቱ አሥራ ስድስት ጊዜ ያንሳል። ውሃው እኩል ነው፤ ካሬው ለያቸው።

በሰሜን ተራሮች ይህን ነገር በመሬቱ ላይ ቆሞ ያጠና ሰው አለ። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በኃላፊነት አገልግሏል፤ የአፈሩን መታጠብም እዚያው አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ የምርምር ፕሮግራም ሲመሠረት ከመሪዎቹ አንዱ እሱ ነበር፤ በጎጃም አንጀኒ፣ በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ የተተከሉት የምርምር ጣቢያዎች የዚህ ፕሮግራም ናቸው። አፈሩ ስንት ቶን እንደሚሄድ በአገራችን ማሳ ላይ፣ በአገራችን ዝናብ መለካት የተጀመረው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው።

መፍትሔውም ከቀመሩ ውስጥ ይወጣል። ከሰማይ የምትወርደው ጠብታ ቡቃያ ላይ አርፋ፣ ከዚያ ከግማሽ ሜትር ከፍታ ብትንጠባጠብ ፍጥነቷ በሰከንድ ሦስት ሜትር አካባቢ ነው፤ ጉልበቷም በሰባት እጅ ገደማ ይቀንሳል። የገለባ ሽፋን፣ የሣር ምንጣፍ ከዚህም ይብስ ያለዝባታል። ሥሩ ባዶ የሆነ ረጅም ባሕር ዛፍ ግን እንደሚታሰበው አይከላከልም፤ ቅጠሉ ላይ የተጠራቀመው ትልቅ ጠብታ ከላይ ሲወርድ ፍጥነቱን መልሶ ያገኛልና። ለአፈር የሚበጀው ጥላ ወደ መሬት የቀረበው ነው።

እርከንም ያው ነው። በማሳው ላይ የሚንደረደረው ጎርፍ ፍጥነቱ በግማሽ ከተገታ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የተሸከመውንም አፈር ይጥላል። ቁልቁለቱን በጥምዝምዝ የከፋፈለው መንገድና ቁልቁለቱን በእርከን የከፋፈለው ገበሬ የሠሩት ሥራ አንድ ነው። ሁለቱም ከፍታውን አልቀነሱም፤ ፍጥነት እንዳይሆን ግን ከለከሉት።

የሰሌዳው ጥያቄ

አንድ ነገር እመኛለሁ። የደባርቅ ተማሪ የሚሠራው ጥያቄ «መጠነ ቁሱ ይህን ያህል የሆነ አካል» ብሎ ባይጀምር። አካሉ ስም ይኑረው፤ ተሳቢ፣ ወንጭፍ፣ ጠብታ፣ ጅራፍ ይሁን። በእንግሊዝኛ ይማረው፣ ግን በአማርኛ ይገመተው፤ ከማስላቱ በፊት «ስንት ይመስልሃል?» ይባል። ከዚያ ያስላ፤ ከግምቱ ጋር ያስተያይ። በግምቱና በመልሱ መካከል ያለው ርቀት ትምህርቱ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር የሚሄደው መኪና ቋጥኙን በ47 መምታቱን በገዛ እጁ ያገኘ ልጅ፣ ነገ መሪ ሲጨብጥ እግሩ ያስታውሰዋል። የጠብታዋን ካሬ ያሰላች ልጅ አባቷ የማሳውን ገለባ ጠርጎ ሲያወጣ «አባዬ፣ ትንሽ ይቅርለት» ትለዋለች።

ተሳቢው ታች ሲደርስ ቀትር ሆኗል። ጋቢው ወልቋል፤ የቆላው ወበቅ ተቀብሎናል። ሾፌሩ ከመንገዱ ዳር አቁመው ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ። ልጁ ታኮውን ሸጉጦ መኪናውን ዞረ፤ እንደ ጠዋቱ በየጎማው ጎንበስ እያለ መዳፉን አስጠጋ። በአንደኛው ላይ ቆየት አለ።

«ጋሼ፣ ይሞቃል» አለ። «ግን እጅ ያስችላል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ላይ፣ ወደ ወረድንበት ገደል አዩ። ከአፋፉ እስከ ጎማችን ድረስ የነበረው ከፍታ ሁሉ የልጁ መዳፍ ሥር ለብ ብሎ ነበር።